የእሑድ ቤቱ ሳጥን

እጅ ማንም በማያየው ቦታ ሲገባ የባለቤቱን ሐሳብ ይፈጽማል ወይስ የራሱን? ይህን ጥያቄ ከአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። መጽሐፍ አገላብጬበታለሁ፣ የሰው ፊት አጥንቼበታለሁ፣ መልስ ግን አላገኘሁለትም። እናንተ ሰምታችሁ ስትጨርሱ የራሳችሁን መልስ ትሰጡት ይሆናል። እኔ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል የእንግዳ ክፍል አጸዳለሁ። ከሺፍቴ መልስ ደግሞ ኮሌጅ እማራለሁ። አገር ቤት ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር፤ የቀረውን የጨረስኩት እዚህ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያነበበውን ነገር ቶሎ አይለቅም። የአንሶላው ማዕዘን ካልተስተካከለ አልጋውን አፍርሼ እንደማነጥፈው ሁሉ፣ አንድ ምዕራፍ ካልገባኝ ወደሚቀጥለው አላልፍም። ወሬ ላይ ግን የለሁበትም። ሰው በተሰበሰበበት ጥግ ይዤ መቀመጥ ነው የምወደው።

የታሪክ መምህራችን የጽሑፍ ርዕስ ሲያድል ለእኔ የደረሰኝ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የነበሩ የመኳንንት ክለቦች ታሪክ ሆነ። እዚህ ተወልዳ ያደገችው የወንድሜ ልጅ ሊያ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

"አክስቴ፣ ላይክ፣ ሴት የማይገባበት ቤት ነው አይደል? አንቺ ምን አገባሽ?"

"ስለማልገባበት ነዋ የማነበው" አልኳት።

እውነትም ንባቡ ያዘኝ። ወንዶቹ መጀመሪያ የሚገናኙት በመጠጥ ቤትና ትኩስ ቸኮላታ በሚሸጥበት ቤት ነበር። እየዋለ ሲያድር መንገደኛ ሁሉ እየገባ አጠገባቸው መቀመጡ አልጥም አላቸው፤ የራሳቸውን ቤት ያዙና በሩን ዘጉ። ውስጥ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ስለ መንግሥት ይከራከራሉ፣ ከሁሉም በላይ ቁማር ይጫወታሉ። በአንድ ምሽት ርስቱን ተበልቶ የወጣ ጌታ ጥቂት አልነበረም። ቬጋስ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እኔን የገረመኝ የአባላቱ አገባብ ነው። አዲስ ሰው ሲቀርብ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነበር። አባሉ ትንሽ ኳስ ይይዝና እጁን ሳጥን ውስጥ ይከታል። አንዳንዱ ቤት ነጭና ጥቁር ኳስ አለው፤ ነጩ ይግባ ነው፣ ጥቁሩ ይቅር። በሌላው ቤት ኳሱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ቀኝና ግራ አለ፤ እጅ ከገባ በኋላ ወዴት እንደጣለ የሚያይ የለም። በጥብቆቹ ቤቶች አንዲት እምቢታ ብቻ ትበቃለች። ኳሱ ሲወድቅ እንዳይሰማ ብለው ከቡሽ የሚሠሩ እንደነበሩም አነበብኩ።

ይህን ሁሉ ለታላቅ ወንድሜ ለሰይፉ አወራሁለት። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሰይፉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር "እሑድ ቤት" የሚሉት ማኅበር አላቸው። ሲልቬራዶ ራንች በሚባል ሰፈር ከሱቆች ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይበሻሸቃሉ። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ደርዘንም አይሞሉም። ሲያዩት የሥራ ፈት ቤት ይመስላል። አንድ ነገር ግን አላቸው። አባል ሲታመም የቀሩት በመሐላ ተራ ይገባሉ። ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ አጠገቡ የሚያድረው፣ ሾርባ የሚያሞቅለት ሁሉ ተራ አለው፤ ተራውን ያፈረሰ ይወጣል። ለዚህ ነው ማንን እንደሚያስገቡ የሚጠነቀቁት። እስከዚያ ድረስ የሚመርጡት እጅ በማውጣት ነበር፤ እጁን ያላነሳ ሰው ዓመት ሙሉ ስለሚኮረፍ ሁሉም ሳይወድ ያነሳል። ቅር እያለው እጁን ያነሳ ሰው ደግሞ ተራው ሲደርስ ስልኩን ይዘጋል።

"ሙልዬ፣ እነዚህ ለንደኖች ሞኞች አይደሉም" አለኝ ሰይፉ። በዚያው ሳምንት ሳጥኑን ሠራው፤ አንዲት እምቢታ ትበቃለች የሚለውንም ደንብ አብሮ ወሰደ።

ከላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከውስጥ መሐሉን የሚከፍል ጣውላ፣ ከሥር ሁለት መሳቢያ። ቀኙ ይግባ፣ ግራው ይቅር። ካዚኖው ከጣለው አሮጌ የካርታ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ቀዶ አመጣና ሊያለብሰው ሲል ለአንዱ ወገን ብቻ በቃው። ለቀኙ አደረገው።

"ለሚገባ ሰው ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ለሚቀር ደረቅ እንጨት ይበቃዋል" አለ።

የቡሹን ነገር አነሳሁበት። "ቡሽ ለማግኘት ስንት ጠርሙስ ወይን ልንጨርስ ነው?" ብሎ ከመጫወቻ ሱቅ የልጆች ብይ ገዝቶ መጣ። ሳጥኑን የሚይዘው አባል ያልሆነ ሰው መሆን ስላለበት ደግሞ እኔን መረጠኝ። "ካንቺ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ የት ይገኛል? አንቺ ግልጹንም አትናገሪም።"

ምርጫው ሊካሄድ ሰዓታት ሲቀሩት ሳጥኑን ሳጸዳ አንድ ብይ በቀኝ በኩል ጣልኩ። ምንም አልሰማሁም። በግራ ጣልኩ። ቋ አለ።

"ጋሼ፣ ይሰማል እኮ" አልኩት።

"ኤርኮንዲሽኑ ከዚያ ይበልጥ ይጮኻል፤ ማን ይሰማዋል?" አለኝ።

ልክ ነበር። አባላቱ ከሚቀመጡበት ሆኖ ያንን የሚሰማ አልነበረም። የሳጥኑ ጠባቂ የምትቆመው ግን ከሳጥኑ አጠገብ ነው።

በሳጥኑ እንዲመረጥ የመጀመሪያ የሆነው ሰው ዘውዱ ነበር። ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ጠዋት ሐኪም ቤቶች ወደተሰበሰቡበት ሜዲካል ዲስትሪክት እየሄደ ደሙ ይታጠባል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው አበራ ብቻ ነው። አበራ የእሑድ ቤት አባል፣ በሆቴል ማመላለሻ መኪና የሌሊት ሹፌር ነው፤ ጠዋት ከሥራ ወጥቶ ዘውዱን ያደርሳል፣ መኪናው ውስጥ እያንጎላጀ ይጠብቃል፣ ይመልሰዋል። ይህን ሲያደርግ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አሁን ሐኪም ቤቱ ዘውዱን ለንቅለ ተከላ ሊመዘግበው ፈልጎ አንድ ነገር ጠየቀው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለወራት አጠገቡ የሚሆኑ ሰዎችን ይዞ እንዲቀርብ። አንድ ጓደኛ አይበቃም አሉት፤ ቀጠሮውም በዚያው ሳምንት ነበር። እንዲሁ "አለንልህ" ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ሲደወልላቸው ግን አይገኙም። እሑድ ቤት ከገባ የማሉ ሰዎች ይኖሩታል። ካልገባ ደንቡ ሌላ ዓመት ጠብቅ ይላል። ዘውዱ የሚጠብቀው ዓመት ይኑረው አይኑረው ማንም አያውቅም።

ሳጥኑን ታቅፌ ስደርስ ሁለቱም መኪና ማቆሚያው ላይ ነበሩ። ዘውዱ በተከፈተ በር እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ ተቀምጧል፤ አበራ የመኪናውን መስታወት ይወለውላል።

"ዳኛዋ መጣች" አለ ዘውዱ።

"ሳጥን ተሸካሚ ነኝ።"

"እትዬ ሙሉ፣ ዛሬ ብገባ የሚያርፈው ይሄ ሰውዬ ነው" አለና ወደ አበራ በአገጩ አመለከተ። "ዓይኑን እዪው፤ ዓይን አይደለም እኮ።"

"ማን ደከመኝ አለህ?" አለ አበራ መወልወሉን ሳያቆም።

"ዓይንህ ነዋ።"

"ዓይኔ ሲፈጥረኝም እንዲህ ነው። ደሞ ሌሎቹ ሲነዱህ እናያለን። ጋሽ መኮንን ፍሪዌይ ላይ የሚገባው ዓይኑን ጨፍኖ ነው አሉ።"

"እሱ እኔን? ሊገጨኝ ካልሆነ።"

ሳቁ። አበራ ግን ቀድሞ አቆመ። ጨርቁን አጣጥፎ፣ "በየትኛው በኩል መቀመጥ እንደምትወድ እንኳ አያውቁም" አለ፤ ለምን እንዳለው አልገባኝም። ዘውዱ ኮሌታውን አስተካከለለትና፣ "ሂድ፣ ስትናገርልኝ እንደ ሰው ምሰል" አለው። ተመራጩ ውጭ መጠበቅ ስላለበት እኔና አበራ ብቻ ገባን።

ውስጥ ሁሉም የሚፈራው አንድ ሰው ነበር። ጋሽ መኮንን ድሮ አገር ቤት የፖስታ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ እዚህ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ዘውዱ ቀድሟቸው ተሰዳድበው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ባለፈው ስብሰባ የዘውዱ ስም ሲነሳ፣ "ይህ ቤት ካርታ መጫወቻ ነው ወይስ የሕሙማን ማቆያ?" ብለው ነበር። አንዲት እምቢታ በምትበቃበት ቤት ይህን ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም።

አበራ ተነሥቶ ተናገረ። ንግግር የሚችል ሰው አይደለም፤ ለዚህ ይሆናል ሁሉንም የነካቸው። እሱ ራሱ ይህ ከተማ ሲገባ ዘውዱ እንዴት እንዳሳደረው፣ መንጃ ፈቃዱን እስኪያወጣ እንዴት እንዳበላው ተናገረ። "እኔ ተራዬን ውሰዱልኝ አልልም። የእኔ ተራ የእኔ ነው። እናንተ ግን ጨምሩበት" አለ። ሰይፉ ራሱ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። በአባልነት ዕድሜ ይጠራሉ፤ አቅራቢው አበራ ግን በመጨረሻ ነው። ከሳጥኑ አንድ እርምጃ ርቄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ላለመስማት ሞከርኩ፤ ጆሮ ግን እንደ ዓይን አይከደንም። ሰይፉ እጁን አስገባ። ምንም። ቀጣዩ፣ ምንም። የሚቀጥለው "ኧረ ቀኝ የቱ ነው?" ብሎ አሳቀና ጣለ። ምንም። በእያንዳንዱ ዝምታ ትከሻዬ ትንሽ ትንሽ ይላላል።

"ጋሽ መኮንን" አለ ሰይፉ።

የኤርኮንዲሽኑ ጩኸት ብቻ ቀረ። ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው መጡ። ብይዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩአት።

"ብይ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በስተርጅና ብይ።"

እጃቸውን አስገቡ። እጃቸው ወጣ። ምንም አልሰማሁም። ብይዋን ይዘዋት ወጥተው እንደሆነ ብዬ መዳፋቸውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ፊታቸው እንደተቋጠረ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ይህን ሰው ያነበብኩት መስሎኝ ነበርና በራሴ አፈርኩ።

የቀሩትም ያለ ድምፅ አለፉ። በመጨረሻ አበራ ብቻ ቀረ። በልቤ ዘውዱ ገባ ብያለሁ። ውጭ ወጥቼ ቀድሜ በዓይኔ ልጠቅሰው ሁሉ አስቤአለሁ።

አበራ እጁን በሱሪው ጠርጎ አስገባ። እጁ ውስጥ ቆየ፤ ከሌሎቹ ይበልጥ ቆየ።

ቋ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አልተለወጠም። እጁን አውጥቶ ወደ ቦታው ሄደና ተቀመጠ። ማንም አልሰማም። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

"ክፈቺው" አለኝ ሰይፉ።

የግራውን መሳቢያ ስስበው ብይዋ ተንከባልላ ከፊት መጣች። ሁሉም አዩአት።

"አንድ" አልኩ።

ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። "የታወቀ ነው" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ "ቀድሞ ነግሮን የለ እንዴ" አለ ሌላው። ዓይኖች ሁሉ አንድ ወንበር ላይ አረፉ። ከሁሉ ፊት የተነሣው አበራ ነው።

"ጋሽ መኮንን፣ የሰው ነፍስ ነው እኮ" አለ። እንባው ይወርድ ነበር።

"እኔን ነው?"

"ሌላ ማን አለ?"

ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው ተነሡ። "አንተ ልጅ፣ እኔ የምጠላውን የምጠላው ፊት ለፊት ነው። ሳጥን አያስፈልገኝም።" ባርኔጣቸውን አንሥተው ደፉ። "ሰይፉ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም።"

እኔ የአበራን ፊት አያለሁ። እያስመሰለ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እንባው ግን እውነተኛ እንባ ነበር። አንድ ስም ከአፌ ቢወጣ ሽማግሌው ይነጻሉ። ከዚያስ? ዘውዱ በሩ ውጭ ነው። በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ፤ የሱቆቹ አጥር ላይ ተቀምጦ ደሙ የሚታጠብበትን ክንዱን በሌላው እጁ ይዟል። ያንን ስም ከሰማ በዚህ ከተማ ያለው አንድ ሰው ይወሰድበታል። ካልሰማ ደግሞ አንድ ንጹሕ ሰው ተሰድቦ ሊወጣ ነው፤ ዘውዱም ያው ቀረ።

ጋሽ መኮንን በሩ ጋ ደረሱ። እግሬ ቀድሞኝ ሄዶ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሳጥኑ አዲስ ነው" አልኩ። በዚያ ቤት ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። "ቀኝና ግራው ያሳስታል። የተሳሳተ ሰው ሊኖር ይችላል። እንደገና ይመረጥ።"

ሌሎቹ ሲንጫጩ አበራ ብቻ እኔን አየ።

"ለንደኖቹ እንዲህ ሲሆን እንደገና ይመርጣሉ?" አለኝ ሰይፉ።

"አላውቅም። ያነበብኩት መጽሐፍ አይልም። እኛ ግን ለንደን አይደለንም።"

ሰይፉ የሚይዘው ገመድ ያገኘ ሰው መሰለ። "ይመረጥ" አለ።

"ሁሉም ካልመረጠ ምርጫ አይደለም" አሉ ጋሽ መኮንን። "እኔ አልመርጥም። ይልቅ መንገድ ልቀቂልኝ።"

"ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ ከወጡ ሰውየው ቀረ።"

"ይቅራ። ያው ያስቀረሁት እኔ ነኝ ተብሏል።"

"ስለ እኔ ብለው።"

"ስለ አንቺ ምን አገባኝ?"

"ምንም" አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። "አንቺ የምታውቂው ነገር አለ" አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ተመለሱ።

ብዮቹን ለመሰብሰብ ሳጥኑን ወደ ጥግ ወሰድኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ ሻርፔን ከአንገቴ አወለቅኩና በግራው መሳቢያ ውስጥ አነጠፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ መስማት አልፈለግኩም። ደግሞ የሰማሁ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት እንደማልችል አውቅ ነበር።

ሁሉም እንደገና መጡ። እንደገና እጃቸውን አስገቡ። በዚህኛው ዙር የቀለደ የለም። ጋሽ መኮንን ቀና ብለው ሳያዩኝ አለፉ። አበራ መጣ። እጁ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ አላየሁም፤ ወለሉን እያየሁ ነበር።

"ክፈቺ" አለ ሰይፉ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

መሳቢያውን ሳብኩት። ሻርፑን ሲያዩ ግር አላቸው፤ "አቧራ ነበረው" አልኩ። የሻርፑን አንዱን ጫፍ ያዝኩና አነሣሁት። ከእጥፋቱ አንድ ነገር ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ። ሌላውን ጫፍ አነሣሁ። ዘረጋሁት። አራገፍኩት።

ምንም አልወደቀም።

ማንም አላጨበጨበም። ወንዶቹ ወንበራቸው ላይ ደከሙ። ከሁሉም ቀድመው በሩን የከፈቱት ጋሽ መኮንን ናቸው። "ግባ" አሉት ዘውዱን። "ቅዝቃዜው ይወጣል።" ዘውዱ ሊያቅፋቸው እጁን ሲዘረጋ ወደ ጎን ብለው አሳለፉት።

ስንበተን አበራ መኪናዬ ድረስ መጣ። ሳጥኑን ከእጄ ተቀብሎ ከኋላ አስቀመጠልኝ። በሩን ከዘጋ በኋላም አልሄደም።

"እትዬ ሙሉ፣ እውነትሽን ነው። ሳጥኑ ያሳስታል።"

"ያሳስታል" አልኩ።

ሌላ ነገር ሊጨምር መሰለኝ። ዘውዱ "ና እንጂ፣ ፀሐይ አቃጠለኝ" ብሎ ሲጠራው ሮጦ ሄደ። በሩን ከፈተለት፣ ቀበቶውን አሰረለት፣ የፀሐይ መከላከያውን አወረደለት።

ዘውዱ በዚያው ሳምንት ሰዎቹን ይዞ ቀረበ። ሁሉም ሥራ ቀይረው፣ አንዳንዱም ኦቨርታይሙን ትቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ስለመጡ የሐኪም ቤቱ ሠራተኛ ሠርግ ላይ ነበራችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው አሉ። ተመዘገበ፤ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ኩላሊት ተገኘለት። ዛሬ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ካርታ ላይ ያጭበረብራል። በእነዚያ ወራት ተራውን ያፈረሰ የለም። አበራ ደግሞ ተራው ባልሆነበት ቀን ሁሉ "በዚህ በኩል ሳልፍ" እያለ ብቅ ይላል። አንድ ቀን ዘውዱን ያመጣው ሌላ አባል መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ "ምን ትሠራለህ?" ብለው "መንገድ ላሳየው" አለ። መንገዱ ቀጥታ ነው።

ታዲያ ምን ነበር? ዓይኑ የደከመ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ቀኙን ከግራ አምታቶ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ብዙ ጊዜ ተኝቻለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን ያቺ እጅ ሳጥኑ ውስጥ የቆየችበት ጊዜ ይመጣብኛል። ዘውዱ በየትኛው በኩል መቀመጥ እንደሚወድ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ያንን ከማኅበሩ ሁሉ ጋር ሊካፈል መሆኑ ታይቶት ይሆን? ቢሆንስ እሱ ራሱ ያውቀዋል? እናንተ የምትወዱትን ሰው ለሌላ አሳልፋችሁ ስትሰጡ እጃችሁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ይህን የምጠይቃችሁ ለመፍረድ አይደለም። እኔ ራሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን አነበብኩት ማለት ትቻለሁ። አንድ ገጽ ነው የሚታየኝ፤ እሱንም አንዳንዴ ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼ ነው የማነበው።

ኮሌጅ ያስገባሁት ጽሑፍ ጥሩ ማርክ አገኘ። መምህሬ ኅዳጉ ላይ፣ ማን እንደከለከለ መደበቁ ማንን ነው የሚጠቅመው የሚል ጥያቄ ጻፈበት። መልስ የለኝም ብዬ ተውኩት።

ማንን እንደሚጎዳ ግን አውቅ ነበር። ብይዋ በሁለተኛው ዙር ብትጠፋም የመጀመሪያዋን የረሳ የለም። ጋሽ መኮንን ተራቸውን ከሁሉም በላይ በሰዓቱ ይወጣሉ፤ ግን ካርታ ሲቀርብ አብሯቸው ሊጫወት የሚፈጥን የለም። አዲስ ሰው በቀረበ ቁጥር "ጋሽ መኮንን ዛሬስ ማንን ሊያስቀሩ ነው?" የሚል ቀልድ አለ። እሳቸው ቀልዱን እንዳልሰማ ሰው ያልፉታል። እኔ ሳጥኔን ይዤ ግድግዳዬን ተደግፌ አያለሁ። ሰይፉ ሁለቱንም ወገን ጨርቅ አልብሶታልና አሁን ምንም አይሰማኝም። ዝምታዬ አንዱን ሰው አድኖ ሌላውን በቀስታ እየበላ እንደሆነ ግን ይታየኛል።

በዚህ ዓመት ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ታከሙ፤ ሞራ ተገፈፈላቸው። ተራው የሰይፉ ነበር። ካዚኖው ድንገት ስለጠራው እኔ ላመጣቸው ሄድኩ። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ አጠገቤ ተቀመጡ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ወዳለው ቤታቸው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አነዳዴን፣ አዟዟሬን፣ መስታወቴን ተቹ። አንድ ቀይ መብራት ላይ ቆምን። እዚያው ቃሉ ከአፌ ወጣ።

"ጋሽ መኮንን፣ ያን ቀን የከለከሉት እርስዎ እንዳልነበሩ አውቃለሁ።"

አልዞሩም።

"የመጀመሪያው ዙር ላይ" አልኩ። "ሳጥኑ አጠገብ ይሰማ ነበር። የእርስዎ ቀኝ ነበር። የሌላውንም ሰምቻለሁ።"

አሁን ዞሩ። "ለማን ነግረሻል?"

"ለማንም። እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት።"

"ጥሩ" አሉ። "ማን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪኝ።"

"ለምን? ይህን ሁሉ ጊዜ በእርስዎ ላይ…"

"ስሚ ሙሉነሽ። እኔ አሁን እነዚያን ሰዎች ሁሉንም እኩል ነው የማልወዳቸው። አንዱን ለይቼ ብጠላ ሌሎቹን ልወድ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ያንን አልችለውም።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ደግሞም" አሉ፣ የተሸፈነውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየነኩ፣ "ሐሙስ ዘውዱን ቼክአፕ የምወስደው እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ ያለው ተራ የአበራ ነው። እሱም በሰዓቱ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።"

ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

"አረንጓዴ ሆኗል" አሉ። "ንጂ።"